ነርሲንግ ልማር ወይስ ሩጫዬን ላስቀድም? ስኮላርሺፕ ላይ ያላችሁ ምከሩኝ

የ5ሺ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ዲቪዥን 1 (ከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ) ኮሌጅ በሩጫ ስኮላርሺፕ የምማር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በፎል (በመጀመሪያው ሴሚስተር) ሀገር አቋራጭ፣ በብርዱ ወራት የቤት ውስጥ ውድድር፣ በስፕሪንግ (በሁለተኛው ሴሚስተር) ደግሞ ትራክ እሮጣለሁ። ርቀቴ 5,000 ሜትር ነው። ቪዛዬ ኤፍ-1 (የተማሪ ቪዛ) ነው።

መማር የምፈልገው ነርሲንግ ነው። አያቴን ያስታመምኳት እኔ ነበርኩ፤ ይሄን ሥራ እንደምወደው ያወቅኩት ያኔ ነው። አሁን 14 ክሬዲት ይዣለሁ፤ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ 4፣ ኬሚስትሪ 4፣ ሳይኮሎጂ 3፣ እንግሊዝኛ 3። የአናቶሚው ላብ (የቤተ ሙከራው ክፍል) ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ልክ በቡድኑ ልምምድ ሰዓት። ማክሰኞ ደግሞ ዋናው የፍጥነት ልምምድ ያለበት ቀን ነው። ከላብ ወጥቼ ትራኩ ጋ ስደርስ ልጆቹ ጨርሰው ጫማቸውን እየፈቱ አገኛቸዋለሁ። ከዚያ ብቻዬን ዙር መቁጠር ነው።

የመጀመሪያው የአናቶሚ ፈተና 61 መጣልኝ። ከዚያ አሰልጣኜ ቢሮ ጠራኝ። መጥፎ ሰው አይደለም፤ እንደ ልጁ ነው የሚያየኝ። ግን "ነርሲንግ ለሯጭ አይሆንም፣ ቀለል ያለ ሜጀር (ዋና የትምህርት ዘርፍ) ያዢ፣ ነርሲንጉን ከተመረቅሽ በኋላ ትደርሺበታለሽ" አለኝ። ከቡድናችን ሁለት ልጆች እንደዚያ አድርገዋል። አጎቴ ደግሞ በደወልኩ ቁጥር "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" ይለኛል። የትኛውን ልተው ስለው ግን እሱም ዝም ይላል።

ቅዳሜና እሁድ ካምፓስ ላይብረሪ እሠራለሁ፤ ለእናቴ ትንሽ እልካለሁ። እንቅልፍ የሚባል ነገር የለኝም።

አሁን አናቶሚውን ድሮፕ ላደርግ (ኮርሱን ልተወው) ነው። ጊዜው የሚያልቀው በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ነው። ድሮፕ ባደርግ ምን ይመጣብኛል? ነርሲንግንና ዲቪዥን 1 ሩጫን አብሮ የጨረሰ ሰው አለ? ውጤቴ ቢወርድ ወይም ብጎዳ ስኮላርሺፑን ይቀሙኛል?

---

አማካይ ተከላካይ

እህቴ፣ እባክሽ ቆይ! ከ14 ላይ 4 ሲቀነስ 10 ነው። በኤንሲኤኤ (የኮሌጅ ስፖርትን በሚመራው ማኅበር) ሕግ ለመለማመድም ለመወዳደርም የሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆን አለብሽ። ይሄ ደግሞ በአብዛኛው ቢያንስ 12 ክሬዲት ማለት ነው። ከ12 በታች ከወረድሽ በማግስቱ ከቡድኑ ጋር ልምምድ መሥራት አትችዪም።

ከሁሉም የሚከፋው ቪዛው ነው። ኤፍ-1 ላይ ሆነሽ የኮሌጅሽ ኢንተርናሽናል (የውጭ ተማሪዎች) ቢሮ ቀድሞ ሳይፈቅድልሽ ከሙሉ ጊዜ በታች ከወረድሽ የቪዛ ስታተስሽ ይበላሻል። አንዳንዴ በኦንላይን እሞላዋለሁ የሚል ሰው አለ። ኤፍ-1 ላይ በአንድ ሴሚስተር ለሙሉ ጊዜ የሚቆጠርልሽ አንድ የኦንላይን ክፍል፣ 3 ክሬዲት ብቻ ነው።

ስለ ሜጀሩ ግን ተስፋ አትቁረጪ። ያሬድ ንጉሤን አስቢ። ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው፣ ኖተርዳም ሲሮጥ ባዮኬሚስትሪ ነበር የሚማረው። በፓሪስ 2024 ኦሎምፒክ በ1,500 ሜትር ነሐስ ወስዷል። ከባድ ትምህርት ይዞ መሮጥ ይቻላል።

---

ሌሊት ተረኛ

ከሥራ ወጥቼ ነው ያነበብኩሽ። ነርስ ነኝ። ዲቪዥን 1 ውስጥ 10,000 ሜትር እሮጥ ነበር፤ ነርሲንጉንም እዚያው፣ እንዳንቺው በኤፍ-1 ጨርሻለሁ። ስለዚህ ይቻላል። ግን "ይቻላል" ብዬሽ ብቻ ብሄድ የበደልኩሽ ያህል ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

መጀመሪያ የአሰልጣኝሽን ነገር። "ከተመረቅሽ በኋላ ትደርሺበታለሽ" ያለሽ ሰው ያኔ ማን እንደሚከፍልልሽ አልነገረሽም። ዛሬ ክፍያሽን፣ ማደሪያሽን፣ ምግብሽን የሚሸፍነው ሩጫሽ ነው። ከተመረቅሽ በኋላ ነርሲንግን እንደ ሁለተኛ ዲግሪ ልጀምር ብትዪ ከኪስሽ ነው፤ ያውም በውጭ አገር ተማሪ ዋጋ። ያ ስኮላርሺፕ በእግርሽ ያገኘሽው ነው። የማትፈልጊውን ዲግሪ አትግዢበት። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ደግሞም ሜጀር መቀያየር እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። በዲቪዥን 1 ሕግ ሦስተኛ ዓመት ስትጀምሪ ሜጀርሽ የታወቀ መሆን አለበት፤ ለዚያ ዲግሪ ከሚያስፈልገው ክሬዲት 40 በመቶውም መጠናቀቅ አለበት። አራተኛ ዓመት ላይ 60፣ አምስተኛ ላይ 80 በመቶ። ዲግሪው 120 ክሬዲት ከሆነ እስከ ሦስተኛ ዓመት መግቢያ 48 ይፈለጋል ማለት ነው። የሚቆጠረው ለዚያው ለመረጥሽው ዲግሪ የሚያገለግለው ብቻ ነው። ቀለል ያለውን ይዘሽ በኋላ ወደ ነርሲንግ ልመለስ ብትዪ ብዙው ኮርስሽ አይቆጠርልሽም፤ ከውድድር ልትታገጂ ትችያለሽ። በዚያ ላይ የነርሲንግ ፕሮግራም ራሱን የቻለ መግቢያ አለው፣ ሁሉም አይገባም። ስለዚህ አማራጭሽ አናቶሚና ኬሚስትሪውን የሚጠቀም ይሁን። ፐብሊክ ሄልዝ ወይም ኪኒሲዮሎጂ (የሰውነት እንቅስቃሴ ሳይንስ) አስቢ። ነርሲንጉ ባይቀበልሽ እንኳ ክሬዲቱ ሜዳ ላይ አይቀርም።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም በግልጽ አይነግርሽም። የአትሌቶች አካዳሚክ ማዕከል ያሉት ሰዎች ጥሩ ናቸው፣ እኔንም ብዙ ረድተውኛል። ግን የመጀመሪያ ሥራቸው አንቺን ለውድድር ብቁ አድርጎ ማቆየት ነው። ለመመረቅ የሚፈለገው ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) 2.0 ከሆነ ለሁለተኛ ዓመት 1.8፣ ለሦስተኛ 1.9፣ ከዚያ 2.0 በቂ ነው። እዚህ ላይ እስካለሽ "አሪፍ ነሽ" ይሉሻል። የነርሲንግ መግቢያ ግን ብዙ ቦታ 3.0 እና ከዚያ በላይ ነው የሚጠይቀው። ለ1.8ቱ ጠባቂ አለሽ፤ የ3.0ው ጠባቂ አንቺ ብቻ ነሽ። በየወሩ የነርሲንግ ክፍሉን አድቫይዘር ሄደሽ አግኚ። የአትሌቲክሱን ብቻ አትመኚ።

አሁን ወደ ላቡ። በሕጉ መሠረት ለልምምድ ተብሎ ክፍል አይቀርም። የሚቀረው ከሜዳሽ ውጭ ለሚደረግ ውድድር ስትጓዢ ነው። ስለዚህ አሰልጣኝሽ ላቡን ዝለይ ሊልሽ አይችልም፤ አንቺም ይቅርታ የምትጠይቂበት ነገር የለም። ግን ሕግ ጠቅሰሽ አትግቢበት። ሳምንቱን በወረቀት ጽፈሽ ሂጂና "ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከረዳት አሰልጣኙ ጋር ልሥራው?" በዪው። በዚህ እኛ ረጅም ርቀት ሯጮች ዕድለኞች ነን። ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ብቻዋን ቡድን መሆን አትችልም፣ እኛ ግን ሰዓትና ትራክ ካለን ይበቃናል። የእኔ አሰልጣኝ መጀመሪያ ፊቱን አጨፈገገ። ሁለት ሳምንት አይቶ ግን እሺ አለ።

የ20 ሰዓቱን ሕግም እወቂው። በሲዝን ውስጥ አሰልጣኙ የሚያዝሽ ልምምድ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ20 ሰዓት አይበልጥም፤ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት አለ። የውድድር ቀን ምንም ያህል ቢረዝም 3 ሰዓት ተብሎ ነው የሚቆጠረው። ጉዞው፣ የፊዚዮቴራፒው፣ ስተዲ ሆሉ (የአትሌቶች የጥናት ሰዓት) አይቆጠርም። ስለዚህ "20 ሰዓት ብቻ እኮ ነው" ሲሉሽ ሳምንትሽን በዚያ አትለኪ፤ እውነተኛው ከዚያ በጣም ይበልጣል። ለእኛ ደግሞ ሦስቱም ሲዝን የእኛ ስለሆነ እፎይ የሚባልበት ወር ጥቂት ነው።

ለዚህ ነው ዓመቱን በሲዝን ከፍለሽ ማቀድ ያለብሽ። ፎል ላይ ጉዞው ጥቂት ነው፤ የሀገር አቋራጭ ውድድር ዓርብ ወይም ቅዳሜ ነው፣ ቢበዛ ሐሙስና ዓርብ ይጠፋል። ላብ ያለው ኮርስ እዚህ ይግባ። ስፕሪንግ ላይ ትራኩ ሐሙስ ተጀምሮ ቅዳሜ ያልቃል፤ 10,000 ደግሞ ብዙ ጊዜ ማታ ነው። የኮንፈረንስ ሻምፒዮና በግንቦት መጀመሪያ ከፋይናል ፈተና ጋር ይጋጫል። እዚያ ላይ ላብ የሌላቸውን አድርጊ። ከባዱን ለብቻው ሰመር ላይ መውሰድም አለ። ግን ሁሉን ወደ ሰመር መግፋት አይቻልም፤ በፎልና ስፕሪንግ ቢያንስ 18 ክሬዲት፣ በእያንዳንዱ ሴሚስተር ደግሞ 6 ማለፍ አለብሽ። የሰመር ክፍያም በራሱ አይመጣም፣ ቀደም ብለሽ ጠይቂ።

ስለ ጥናቱ። አናቶሚን እኔ ያጠናሁት በእግሬ ነው። ልምምድ ጨርሼ እግሬን በረዶ ባልዲ ውስጥ ስከት አጥንቶቹን በጣቴ እየነካሁ ስማቸውን እጠራ ነበር። ካልካኒየስ፣ ታለስ፣ ናቪኩላር፣ ኩቦይድ። የቡድን ጓደኛዬ ናቪኩላሯ ተሰንጥቆ ሐኪሙ ምስሉን ሲያሳያት አብሬያት ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ ያንን አጥንት ልረሳው አልቻልኩም። ያንቺ ትምህርት ስለ ሰውነት ነው፣ አንቺ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምትሠሪው በሰውነትሽ ነው። የልብ ምት፣ ላክቴት፣ ብረት፣ ሄሞግሎቢን፣ ሁሉም የምታውቂው ነገር ነው። ከክፍልሽ ይሄን ያህል ቅርብ የሆነ ሰው የለም።

ፈተና ከጉዞ ጋር ሲጋጭም መንገድ አለው። አንድ ጊዜ የፋርማኮሎጂ ፈተና ሆቴል ውስጥ ወሰድኩ። አብራን የተጓዘችው አድቫይዘር የታሸገ ፖስታ ይዛ መጣች፣ ስልኬን ተቀበለችኝ፣ ትንሽ የስብሰባ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ጠዋት ተፈተንኩ፣ ማታ ሮጥኩ። ይሄ የሚሆነው ግን መምህሩ ሳምንታት ቀድሞ ካወቀ ነው።

ስኮላርሺፑን ይቀሙኛል ወይ ላልሽው፤ ደብዳቤሽን አውጥተሽ የሚጸናበትን ጊዜ እዪ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስለተጎዳሽ ወይም ስለዘገየሽ ሊቀንሱት ወይም ሊሰርዙት አይችሉም። ብቁነትሽን ካጣሽ ግን ይችላሉ፤ 12 ክሬዲቱን ፈጽሞ አትንኪ የምልሽም ለዚህ ነው። የአንድ ዓመት ከሆነ ሲያልቅ ላያድሱት ይችላሉ። ያኔ በጽሑፍ ያሳውቁሻል፤ ይግባኝ የምትዪው ደግሞ ከአትሌቲክሱ ክፍል ውጭ ላለ ኮሚቴ ነው። የብዙ ዓመት ከሆነ የበለጠ እፎይ በዪ። ከ2025 ወዲህ በአዲሱ የኤንሲኤኤ የፍርድ ቤት ስምምነት በገቡ ትምህርት ቤቶች የሀገር አቋራጭ ቡድን ከ17 ሯጭ አይበልጥም፤ የአሰልጣኝሽ ጭንቀት አንዱ ከዚህም ሊሆን ይችላል። በግልጽ ጠይቂው።

መጨረሻ፣ የላይብረሪውን ሥራ። እናትሽን መርዳትሽ ያስከብርሻል። ግን ከሩጫ፣ ከላብና ከሥራ አንዱ መቀነስ ካለበት በዚህ ሴሚስተር እሱ ይቀነስ። እናትሽን ደውለሽ ንገሪያት። የኔዋ ስነግራት "ምነው እስከዛሬ ዝም አልሽ" ነው ያለችኝ።

---

ሲቪል መሐንዲስ

እኔ በአንድ ነገር አልስማማም። ያሬድ ባዮኬሚስትሪ መማሩ እውነት ነው። ባዮኬሚስትሪ ላብ አለው፤ ነርሲንግ ግን ሆስፒታል አለው። ላብ ይካካሳል። የሆስፒታል ፈረቃ ላይ ግን ታማሚ ይጠብቅሻል፣ ሰዓቱም ለነርስነት ፈቃድሽ የሚቆጠር ነው።

ኢንጂነሪንግ እየተማርኩ በ800 ሜትር ስኮላርሺፕ ነበረኝ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ቡድኑን ለቀቅኩ፤ ውጤቴ ጥሩ ስለነበር በአካዳሚክ ስኮላርሺፕ ቀጠልኩ። አልቆጨኝም። ይሄም መንገድ እንዳለ እወቂ። ዲቪዥን 2 ላይ ስኮላርሺፕም ሩጫም አለ። ዲቪዥን 3 የሩጫ ስኮላርሺፕ አይሰጥም፣ ግን በትምህርት ውጤት የሚሰጠው ድጋፍ አለ። "ዲቪዥን 1 ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ" አትበዪ። አንቺ የምትፈልጊው ነርስ መሆን ከሆነ ጥያቄው የት ሆነሽ እንደምትደርሺበት ነው።

---

የኬሚስትሪ መምህር

ልጄ፣ እኔ እዚህ አገር ኮሌጅ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በየሴሚስተሩ የአትሌቶች የጉዞ ደብዳቤ ይደርሰኛል። አንዱ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ቢሮዬ መጥቶ "እነዚህ ሦስት ቀናት አልኖርም፣ ላቡን ከየትኛው ክፍል ጋር ልሥራው?" ይለኛል። ሌላው ከጉዞው በፊት በነበረው ሌሊት ኢሜይል ይልካል። ለመጀመሪያው የማላደርገው ነገር የለም።

61ዱን ይዘሽ መምህሯ ቢሮ ሂጂ። ወረቀቱን ዘርግተሽ የተሳሳትሽውን አብራችሁ እዩት። የመጀመሪያ ፈተና ነው፤ ከዚያ ተነስተው ጥሩ ያመጡ ብዙ ተማሪዎች አይቻለሁ። ምን ያህል እንደሚመዝንም ጠይቂ። ቁጥሩን ሳታሰሊ ኮርስ አትጣዪ።

ሌላ ደግሞ፣ በኤንሲኤኤ ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት ሁሉ የመምህራን ተወካይ አለው። ለአትሌቲክሱ ክፍል የማይሠራ መምህር ነው። ከአሰልጣኝ ወይም ከመምህር ጋር በሰዓት ብትጋጪ እሱን ማነጋገር ትችያለሽ። ተማሪዎች አያውቁትም፣ ስሙን ኮምፕላያንስ ቢሮ (የኤንሲኤኤ ሕግ መከበሩን የሚከታተለውን) ጠይቂ።

---

የ5ሺ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግኩ። መምህሯ ጋ ሄጄ ነበር፤ ፈተናው ከጠቅላላው 15 በመቶ ብቻ ነው። የተሳሳትኩትም አብዛኛው የላቡ ክፍል ነው፣ ስሞቹን ቸኩዬ ነው ያነበብኩት። እርስዎ ባይሉኝ ኖሮ ድሮፕ አድርጌው ነበር።

ኮምፕላያንስም ኢንተርናሽናል ቢሮውም ስለ 12ቱ ያላችሁኝን ነው የነገሩኝ። አናቶሚው ይቀጥላል። አሰልጣኜ የማክሰኞውን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከረዳቱ ጋር እንድሠራው ተስማማ፤ ሐሙስ ቀላል ሩጫ ስለሆነ ለብቻዬ እሠራዋለሁ። ላይብረሪ ወደ እሁድ ብቻ ዝቅ አደረግኩት።

ወንድሜ መሐንዲስ፣ ያልከኝን በልቤ ይዤዋለሁ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ካልሆነልኝ አስብበታለሁ።

ሌሊት ተረኛ፣ አንድ ልጠይቅሽ። ክሊኒካሉ (የሆስፒታል ልምምዱ) ሲጀምር ሦስቱንም ሲዝን ሮጥሽ?

---

ሌሊት ተረኛ

አልሮጥኩም። እኔ በነበርኩበት ጊዜ በ5 ዓመት ውስጥ 4 የውድድር ዘመን ነበር የሚፈቀደው፤ አሁን ያለውን ኮምፕላያንስ ይንገሩሽ። ክሊኒካል በጀመርኩበት ፎል ሀገር አቋራጩን ሳልወዳደር አሳለፍኩ፤ ልምምድ ግን አላቆምኩም። ፈረቃዬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይጀምር ስለነበር በፈረቃ ቀን ማታ ቀላል ሩጫ ብቻ ነበር የምሠራው። ከባዱን ልምምድ ፈረቃ በሌለባቸው ቀናት አደረግነው። ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ከዋልሽ በኋላ ፍጥነት ልሥራ ማለት ጉዳት መጥራት ነው። ያተረፍኩትን ሲዝን አምስተኛ ዓመት ላይ ሮጥኩት፣ የመጨረሻዎቹን ኮርሶችም በዚያው ጨረስኩ። አምስተኛውን ዓመት ስኮላርሺፑ ይሸፍነው እንደሆነ ግን አስቀድሜ በጽሑፍ አስፈርሜ ነበር። አንቺም በቃል ብቻ አትቀበዪ።

አሁኑኑ የነርሲንግ ክፍሉን ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ሦስተኛ ዓመት ክሊኒካል በየትኞቹ ቀናት እንደሚውል፣ ቀን መምረጥ ይቻል እንደሆነ። ዓርብ ከሆነ ከውድድር ጋር ይጋጭብሻል፤ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ለምኚ። ማይክሮባዮሎጂን ደግሞ ለሰመር አስቢው፤ የላቡ ቦታ ቶሎ ይሞላል፣ ምዝገባው እንደተከፈተ ግቢ። የስፕሪንግ ፕሮግራምሽን ስታወጪ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ከትራኩ ካላንደር ጋር አብረን እናየዋለን።